መጽሐፉን ሦስቴ ጨርሼ ፈተና ላይ ለምን ባዶ እሆናለሁ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሀዋሳ ነው። የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ብሔራዊ ፈተናው 3 ወር ገደማ ቀርቶታል። ፊዚክስና ኬሚስትሪን ሦስት ሦስት ጊዜ አንብቤ ጨርሻለሁ። ያላሰመርኩበት ገጽ የለም። ሳነብ ሁሉም ይገባኛል። ፈተና ላይ ስቀመጥ ግን ጭንቅላቴ ባዶ ይሆናል። ባለፈው ሞዴል ፈተና ፊዚክስ ከ100 ያመጣሁት 41 ነው። ማታ ማታ ከሰፈር ልጆች ጋር ጫት ይዘን እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት እናነባለን። አንዳንዶቹ ፈተናው ቴሌግራም ላይ ቀድሞ ይለቀቃል ይላሉ። የንባብ ሰዓት ልጨምር? የማስታወስ ችሎታ የሚጨምር መድኃኒት አለ? ወይስ እኔ ነኝ የማልችለው?»

ምላሽ፦ የማስታወስ ችሎታህ ተጎድቷል የሚያስብል ነገር በጥያቄህ ውስጥ የለም። ያለው ሌላ ነው። ለወራት የተለማመድከው ማንበብን ነው። ፈተናው የሚፈልገው ደግሞ መጽሐፉ በሌለበት ከራስህ አውጥተህ መሥራትን ነው። ይህን አልተለማመድከውም። ስለዚህ የንባብ ሰዓት አትጨምር። እንዲያውም ቀንስ።

«ሳነብ ሁሉም ይገባኛል» የሚለውን ቃል ከተማሪዎች በየዓመቱ እሰማዋለሁ። ውሸት አይደለም፤ ግን ያሳስታል። አንድን ገጽ ለሦስተኛ ጊዜ ስታነብ ዓይንህ ለምዶታል። ቀመሩ ከሥዕሉ በታች እንዳለ ታውቃለህ። ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ መጨረሻውን ትገምታለህ። አእምሮ ይህን መቅለል እንደ እውቀት ይቆጥረዋል። ፒያሳ ላይ ሁልጊዜ የምታየውን ሰው መልኩን ለይተህ ታውቀዋለህ፤ ስሙን ጥራ ብትባል ግን አይመጣልህም። ፊዚክስን የምታውቀው እንደዚያ ነው። ማሰመሩም የሚረዳህ እምብዛም ነው። ገጹ በሙሉ ከተሰመረበት ከውስጡ የመረጥከው ነገር የለም።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የሚሠሩ ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። ተማሪዎች አጫጭር ጽሑፎችን እንዲያጠኑ አደረጉ። አንዱን ጽሑፍ ደግመው አነበቡት። ሌላውን አንድ ጊዜ አንብበው፣ ወረቀቱን አስቀምጠው፣ ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡትን 81 በመቶ አስታወሱ፤ ከራሳቸው አውጥተው የጻፉትን ደግሞ 75 በመቶ። እዚህ ላይ ማንበብ አሸናፊ ነው። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ፣ አውጥተው የጻፉት 56 በመቶ ሆነ። የ5 ደቂቃውን ውጤት ልብ በል። አንተም መጽሐፉን እንደዘጋህ ራስህን ብትጠይቅ ጎበዝ ነህ። ፈተናው የሚመጣው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንድ ክፍል ለ25 ደቂቃ ያህል አንብብ። ከዚያ መጽሐፉን ዝጋውና ከአጠገብህ አርቀው። ባዶ ወረቀት አውጣ። ያነበብከውን ሁሉ በራስህ ቃል ጻፍ፤ ቀመሩን፣ ቀመሩ መቼ እንደሚሠራ፣ አሃዱን ጭምር። መጀመሪያ ላይ ሦስት መስመር ጽፈህ ትቆማለህ። ያናድዳል። አትክፈተው። ሌላ 5 ደቂቃ ታገል። ትምህርቱ የሚገባው እዚያ ትግል ውስጥ ነው። ከዚያ ክፈትና የጎደለውን በቀይ እስክሪብቶ ሙላ። ቀዩ የነገ ሥራህ ነው።

መብራት በሚጠፋበት ምሽት ሥራው መቆም የለበትም። ጨለማ ውስጥ ተቀምጠህ ለታናሽህ አስረዳ። ታናሽህ ባይገባው እንኳ አንተ የት ላይ እንደምትንተባተብ ታውቃለህ።

ለስሌት ትምህርቶች ግን ማስታወስ ብቻ አይበቃም። ጥያቄ መሥራት አለብህ፤ ያውም መልሱን ሳታይ። ብዙ ተማሪዎች የተሠራ ጥያቄ ከወርክሺት ላይ እያነበቡ «እሺ፣ ገባኝ» ይላሉ። ያ ማንበብ ነው እንጂ መሥራት አይደለም። አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ድንጋይ ከ45 ሜትር ከፍታ ተለቀቀ፤ የአየር ግጭት የለም፤ የስበት ፍጥነት ጭማሪ 10 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው። መሬት ለመድረስ ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል? ከምርጫዎቹ መካከል 3 አለ፤ 4.5ም አለ። የቸኮለ ተማሪ 45ን ለ10 ያካፍልና 4.5ን ያጠቁራል። ምርጫው ላይ ስላገኘው ደስ ይለዋል። 4.5 እዚያ የተቀመጠው ግን በአጋጣሚ አይደለም። ጥሩ ጥያቄ አዘጋጅ ተማሪ የት እንደሚሳሳት አስቦ ነው የተሳሳቱትን ምርጫዎች የሚጽፈው። ትክክለኛው መንገድ ከፍታ እኩል ይሆናል ግማሽ ሲባዛ በስበት ሲባዛ በጊዜ ስኩዌር ነው። 45 እኩል ይሆናል 5 ሲባዛ በጊዜ ስኩዌር፤ የጊዜ ስኩዌር 9፤ ጊዜው 3 ሰከንድ።

አሁን ዋናው ነገር 3 መሆኑን ማወቅህ አይደለም። 4.5 ብለህ ከነበረ ለምን እንዳልክ ማወቅህ ነው። ቀመሩን ጭራሽ አታውቀውም ነበር? ታውቀው ነበር ግን አልመጣልህም? ወይስ መጥቶልህ በጥድፊያ ዘለልከው? መድኃኒታቸው አንድ አይደለም። ያላወቁትን መማር ነው። ያልመጣውን ደግሞ ደጋግሞ ከራስ ማውጣት። የተዘለለውን በሰዓት ተለክቶ በመሥራት ታርመዋለህ። ለዚህ አንድ ደብተር መድብና የተሳሳትከውን ጥያቄ ሁሉ ከነምክንያቱ ጻፍበት። 41 ያመጣህበትን የሞዴል ፈተና ወረቀት ጥለኸው ካልሆነ ዛሬውኑ በዚህ ደብተር ጀምርበት። እጅህ ላይ ካለ ከማንኛውም መጽሐፍ የበለጠ ይጠቅምሃል። የ59ኙ ነጥብ ታሪክ ያለው እሱ ላይ ነው።

የቆዩ የብሔራዊ ፈተና ወረቀቶችንም ሥራ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በየቴሌግራሙ የሚዞሩት የመልስ ቁልፎች ሁሉ ትክክል አይደሉም። አንተ የሠራኸውና ቁልፉ ካልተስማሙ ወዲያው ራስህን አትጠራጠር፤ መምህርህን ጠይቅ። ሥርዓተ ትምህርቱ ስለተቀየረም አንዳንድ አሮጌ ጥያቄ አሁን ላይመለከትህ ይችላል። ዘንድሮ ከየትኛው ክፍል፣ ከየትኛው መጽሐፍ እንደሚወጣ ከትምህርት ቤትህ አረጋግጥ። በወሬ አትመራ።

አንድን ምዕራፍ በአንድ ቀን ቸክለህ ጨርሰህ ለወር አትተወው። ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ በ1885 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው አዲስ የተጠና ነገር አብዛኛው የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። ስለዚህ ዛሬ ያጠናኸውን ነገ ጠዋት መጽሐፉን ሳትከፍት ጻፈው። ከሦስት ቀን በኋላ ድገመው፤ ከዚያ ከሳምንት በኋላ። እያንዳንዱ ድግግሞሽ ከ10 ደቂቃ በላይ አይወስድም። ፊዚክስን ሰኞ ብቻ፣ ኬሚስትሪን ማክሰኞ ብቻ አታድርግ። በአንድ ቀን ውስጥ ቀላቅላቸው፤ ፈተና ላይም የትኛው ቀመር እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ የሚነግርህ የምዕራፍ ርዕስ የለም።

አሁን ወደ ጫቱ ልምጣ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም በከተማችን ጥሩ ጥሩ ልጆች የሚበላሹት በዚህ ነው፤ ያውም «ለጥናት» እየተባለ።

ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር አለ። አሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው ኃይለኛ አነቃቂ መድኃኒት ጋር ይመሳሰላል። እንቅልፍ ያባርራል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ልብ ምት ያፈጥናል። በምርቃና ጊዜ ሁሉም ነገር ይገባል። ገጹ ይበርራል፤ ሐሳብ ይፈልቃል፤ የነገ ዕቅድ ሁሉ ይሳካል። ስሜቱን አልክድም። ችግሩ የመረዳት ስሜትና መረዳት የተለያዩ መሆናቸው ነው። ከላይ ያልኩህን አታላይ «ይገባኛል» ምርቃና እጥፍ ድርብ ያደርገዋል። ካላመንከኝ እንዲህ ሞክር። ዛሬ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ያነበብከውን ነገ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ባዶ ወረቀት ላይ ጻፈው። ውጤቱን ራስህ ታየዋለህ።

ሁለተኛው ነገር እንቅልፍ ነው። ቀን የተማርከው ነገር የሚጸናው ስትተኛ ነው። በእንቅልፍ ጊዜ አእምሮ አዲሱን ነገር ያጠናክራል፣ ከቀድሞው እውቀት ጋር ያያይዘዋል። በአንተ ዕድሜ የሚመከረው በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። እስከ ሌሊቱ 9 አምሽተህ 12 ሰዓት ላይ ለትምህርት ከተነሳህ የተኛኸው 3 ሰዓት ነው፤ ጫቱ ወዲያው አያስተኛምና ከዚያም ያንሳል። ያነበብከውን በራስህ እጅ እያጠፋኸው ነው። ክፍል ውስጥም መምህሩ የሚያስረዳው አይገባህም። ከዚያ ማታ ያንኑ ለማካካስ ደግሞ ታመሻለህ።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ አብዛኛው ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ፣ እዚያው እያደረ ነው የሚፈተነው። ስልክ አይገባም። ጫትም አይገባም። ለወራት በየቀኑ ሲቅም የቆየ ልጅ ድንገት የሚያቆመው በፈተናው ሳምንት ይሆናል ማለት ነው። ድብርት፣ ድካም፣ ቀን ቀን እንቅልፍ፣ ሌሊት ዱካክ። በሕይወትህ ወሳኝ በሆኑት ቀናት ይህ ሁሉ እንዲመጣብህ አትፈልግም። ስለዚህ አሁኑኑ ተው። በየቀኑ ብዙ የምትቅም ከሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ እየቀነስክ ጨርሰው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፤ እንቅልፍህና ስሜትህ ይዘበራረቃል። ያልፋል። ቡናንም ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ አትጠጣ፤ ካፌይን ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ ደምህ ውስጥ ነው።

ጓደኞችህን ተዋቸው አላልኩም። የጥናት ጓደኛ ይጠቅማል። ቦታውንና ሰዓቱን ቀይሩ። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ዛፍ ጥላ ስር ተገናኙ፤ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ሰው ሳይበዛ። ሁሉም አምስት አምስት ጥያቄ አዘጋጅቶ ይምጣ። መጽሐፍ ተዘግቶ ተጠያየቁ። አንዱ ሲያስረዳ ሌላው «ለምን?» ይበለው። ሁለት ሰዓት እንዲህ ማጥናት ከአንድ ሌሊት በርጫ ይበልጣል።

ስለ መድኃኒቱ አጭር ነው መልሴ። ለጤነኛ ተማሪ የማስታወስ ችሎታ እንደሚጨምር የተረጋገጠ እንክብል የለም። ቫይታሚን የሚጠቅመው እጥረት ላለበት ሰው ነው። ልብ ምት እንዲረጋጋ ተብሎ ከጓደኛ የሚወሰድ ክኒን አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ ፕሮፕራኖሎል አስም ያለበትን ሰው መተንፈስ ሊያሳጣው ይችላል። ያለ ሐኪም ምንም አትውሰድ።

ስለ ቴሌግራሙም እንዲሁ። በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛ ፈተና ሾልኮ ወጥቶ ፈተናው መሰረዙ እውነት ነው። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የገባው ስርቆትና ኩረጃን ለማስቆም ነው። ዛሬ «ፈተናው በእጄ ነው» ብሎ ብር ላክ የሚልህ ሰው የሚሸጥልህ የአንተኑ ተስፋ ነው። ብሩም ይቅር፤ ግን ያንን ስትጠብቅ የምታባክነው ሦስት ሳምንት አይመለስም።

ፈተና ላይ ባዶ መሆኑን በተመለከተ፣ ከፊሉ ከላይ ባልኩት ልምምድ ይድናል። ከፊሉ ግን ጭንቀት ነው። ስትጨነቅ አእምሮህ ለስሌት የሚያስፈልገውን ቦታ ስጋቱ ይይዘዋል። «ብወድቅስ? እናቴ ምን ትላለች?» እያልክ ሦስት ደረጃ ያለው ስሌት መያዝ አትችልም። በ2011 እ.ኤ.አ. ራሚሬዝና ቤይሎክ የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ከፈተና በፊት ለ10 ደቂቃ ያህል ስጋታቸውን በወረቀት የጻፉ ጭንቀታም ተማሪዎች የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ሁሉንም ሰው አይጠቅምም፤ ወጪ ግን የለውም፤ ሞዴል ፈተና ላይ ሞክረው። ከሁሉ በላይ ግን ጭንቀትን የሚቀንሰው መልመድ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ፈተና፣ በሙሉ ሰዓቱ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ስልክ ጠፍቶ ሥራ። አልጋ ላይ ተጋድሞ የተሠራ ፈተና አይቆጠርም። በኮምፒውተር የምትፈተን ከሆነም አስቀድመህ በኮምፒውተር ተለማመድ።

አዳራሹ ውስጥ በከባድ ጥያቄ አትጀምር። የሚመጣልህን መጀመሪያ ሥራ፤ እጅህ ሲፈታ ጭንቅላትህም ይከተላል። 60 ጥያቄ በ2 ሰዓት ከሆነ ለአንዱ ያለህ 2 ደቂቃ ነው። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ከደረስክ ምልክት አድርገህ እለፍ። ስትዘል ግን የመልስ መስጫው ላይም መዝለልህን አረጋግጥ። አንድ ቁጥር ተሳስቶ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ አንድ ረድፍ አዛንፎ ያጠቆረ ጎበዝ ልጅ አውቃለሁ። በየ10 ጥያቄው ቁጥሩን አመሳክር። መመሪያው ለስህተት ነጥብ ይቀነሳል ካላለ ባዶ አትተው። «የመጀመሪያ መልስህን አትቀይር» የሚሉህንም አትስማ። ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት ተማሪዎች ከሚቀይሯቸው መልሶች አብዛኞቹ ከስህተት ወደ ትክክል የሚሄዱ ናቸው። ምክንያት ካገኘህ ቀይር፤ በፍርሃት ብቻ አትቀይር።

የዚህ ምክር ወሰኑ የት ነው? 41 ያመጣኸው ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል ጀምሮ መሠረቱ ስለጎደለህ ከሆነ፣ ባዶ ወረቀት ብቻውን አያድንህም። እኩልታ ማስተካከል፣ ክፍልፋይ፣ ሬሾ ላይ የምትቸገር ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ለእነዚህ ስጥ። ፊዚክስም ኬሚስትሪም በእነሱ ላይ ነው የቆሙት። ሌላው፣ ልብህ እየደለቀ ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣህ፣ ምግብ ካስጠላህ ወይም መኖር ካስጠላህ ይህ የጥናት ዘዴ ጉዳይ አይደለም። ዛሬውኑ ለምታምነው ትልቅ ሰው ተናገር፤ ጤና ተቋም ሂድ።

«እኔ ነኝ የማልችለው?» ላልከው፣ በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ይህን ሁሉ ልጅ ሰነፍ ወይም የማይችል ብሎ መፈረጅ ግፍ ነው። ብዙዎቹ እንዳንተው ሌሊቱን ያነጉ ልጆች ናቸው። ከ50 በታች ላመጡም የአቅም ማሻሻያ (ሬሜዲያል) ፕሮግራም አለ፤ መግቢያ ነጥቡ በየዓመቱ ስለሚወሰን ግን እሱን ተማምነህ አትቀመጥ።

አንድ ስሌት ደግሞ አለ። ፊዚክስና ኬሚስትሪ ላይ ሞተህ እንግሊዝኛንና አፕቲትዩድን ትተሃቸው ከሆነ ትልቅ ኪሳራ ነው። ስድስቱም ትምህርቶች እኩል ከ100 ነው የሚታሰቡት። ፊዚክስን ከ41 ወደ 51 ማድረስና እንግሊዝኛን ከ50 ወደ 60 ማድረስ ድምሩ ላይ አንድ ነው። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ይቀላል። በየቀኑ አንድ የእንግሊዝኛ ምንባብ ከነጥያቄው፣ 15 የአፕቲትዩድ ጥያቄ፤ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

የምመክርህ ይህ ነው። ከነገ ጀምሮ ማታ 4 ሰዓት ላይ ተኛ፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነስ። አንድን መጽሐፍ ለአራተኛ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር እንዳታነብ። ከጥናት ሰዓትህ ሁለት ሦስተኛው መጽሐፍ ተዘግቶ የሚሠራ ይሁን፤ አንድ ሦስተኛው የጎደለህን ለመሙላት የሚነበብ። ለአራት ሳምንት እንዲህ ሥራና ያልሠራኸውን ሌላ የሞዴል ፈተና በሰዓቱ ተፈተን። ውጤቱ ካልተነቃነቀ የስህተት ደብተርህን ይዘህ ወደ ፊዚክስ መምህርህ ሂድ፤ ውጤትህን ሳይሆን ደብተሩን አሳየው፤ ከየትኛው ምዕራፍ መጀመር እንዳለብህ ከእሱ ላይ ያነብልሃል።